በግራዎ በኩል ልለፍ

ነግቷል። መጋረጃዬ ቀጭን ስለሆነ ብርሃኑ እንደ ውሃ እየሰረገ ነው የሚገባው፣ መጀመሪያ የወንበሩን መደገፊያ ያገኛል፣ ቀጥሎ መጽሐፎቼን፣ ቀጥሎ ከአልጋው ሥር ጎን ለጎን ያስቀመጥኳቸውን የስፖርት ጫማዎች፣ እነሱ ላይ ሲደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ። ተነሳሁ ማለት አልችልም፣ አልተኛሁምና። ስሄድ ነው ያደርኩት። በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጬ ስቤ፣ ከአንዲት አሮጊት ኋላ ኋላ ስሄድ አደርኩ። ነጭ ኮፍያቸው ከፊቴ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ክርናቸው ወደ ኋላ መጥቶ ይመለሳል፣ አሁን አልፋቸዋለሁ እላለሁ፣ እዚያ ዛፍ ጋ ስደርስ እላለሁ፣ ዛፉ ይመጣል፣ ዛፉ ያልፋል፣ እኔ አላልፍም። ላይኛው ፎቅ ያለው ሰውዬ ሻወር ከፈተ፣ ቧንቧው ግድግዳዬ ውስጥ አጉረመረመ፣ ይህ ሰው ለሥራ ከተነሳ እኔም መነሳት አለብኝ፣ ዛሬ ፈተና ነው። ካለፍኩ በእረፍቱ ወደ ቤት እሄዳለሁ፣ አባዬ ጋ። ከወደቅኩ እረፍቱን እዚሁ ሆኜ ያንኑ ኮርስ እደግማለሁ፣ አባዬም አልጋው ላይ ይቀራል። ነገሩ ይኸው ነው፣ የተወሳሰበ የለውም። ኮርሱ ደግሞ መራመድ ነው።

ለሰው ብነግረው ይስቃል። እኔም ስመዘገብ ስቄ ነበር። እዚህ ኮሌጅ ማንም ተማሪ ምንም ያጥና ምን፣ አንድ የሰውነት ማጎልመሻ ኮርስ መውሰድ አለበት፣ ያለ እሱ ለሚቀጥለው ዓመት አይመዘገብም፣ ያልተመዘገበ የውጭ ተማሪ ደግሞ አንዴ ከወጣ ተመልሶ አይገባም። ሬጅስትራር መስኮት ላይ የምትቀመጠው ሴትዮ ምርጫዎቹን ታነብልኛለች። ዋና ትላለች፣ ውሃ እፈራለሁ። ኳስ ትላለች፣ ኳስ ወደ እኔ ሲመጣ ዓይኔን የምጨፍን ሰው ነኝ። ክብደት ማንሳት ብላ ጀመረችና ክንዴን አይታ ራሷ ዘለለችው። የጤና እርምጃ አለች በመጨረሻ። መሄድ ማለት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳት፣ አዎ መሄድ ነው አለችኝ። እሱስ አያቅተኝም አልኩ። ከመጽሐፍ ውጭ እችላለሁ የምለው ነገር ቢኖር እሱ ነበር፣ በእግሬ ተጉዤ ያደግኩ ልጅ ነኝ።

አሰልጣኟ አጭር፣ ደረቅ ያለች፣ ፊሽካ ከአንገቷ የማይወርድ ሴት ናት። የመጀመሪያው ቀን ሳር ላይ አቁማን የሚጠበቅብንን ነገረችን። መቅረት የለም፣ ማርፈድም እንደ መቅረት ነው። ስልክ ከኪስ አይወጣም። ተረከዝ ቀድሞ ያርፋል፣ ጣት መሬቱን ገፍቶ ይለቃል፣ ክርን ይታጠፋል፣ ዓይን ወደ ፊት ነው እንጂ ወደ ጫማ አይደለም። እጃችን ላይ የምናስረው ሰዓት የልባችንን ምት ያነባል፣ ምቱ ከተባለው በታች ከሆነ እየተንሸራሸርን ነው፣ በላይ ከሆነ እየሮጥን ነው፣ ሁለቱንም አትፈልግም። «ስትሄዱ ማውራት መቻል አለባችሁ» አለች፣ «መዝፈን ከቻላችሁ ግን እያላገጣችሁ ነው።» ተማሪው ሳቀ። በመጨረሻው ቀን የከተማው ውሃ የሚጠራቀምበትን ሐይቅ በተወሰነልን ጊዜ ውስጥ እንዞራለን፣ ፈተናው እሱ ነው። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ማለፍ የሚፈልግ ሰው በግራ ነው የሚያልፈው፣ ከማለፉ በፊት ደግሞ ጮክ ብሎ «በግራዎ በኩል» ይላል፣ ከፊት ያለው እንዳይደነግጥ። ጮክ ብሎ ስትል እኔ ደነገጥኩ። አገር ቤት ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ ሰፈሬን አልፌ ሄጄ በእግሬ የተመለስኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው።

ለአባዬ ስነግረው ያን ጊዜ ገና ደህና ነበር። «ምን? ወክ?» አለኝ፣ «ወክ በትምህርት ቤት?» አዎ አባዬ። «መምህር አለው?» አለው። «ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ስታደርጊ ነበር፣ ስትፏቀቂ?» ስልኩን ሳይዘጋ ለእህቴ፣ ለጎረቤት፣ ሱቅ ለላከው ሰው ሁሉ አወራው፣ ትንሿ ልጄ ይህን ሁሉ አገር አቋርጣ ሄዳ መሄድ እየተማረች ነው እያለ። ሲስቅ ሳል ይቀላቅልበታል፣ የቱ ሳቅ የቱ ሳል እንደሆነ ሳይለይ ሁለቱም ያልቃሉ። በመሳቁ ሊፈረድበት አይገባም፣ እሱ ዕድሜውን ሙሉ በእግሩ ሠርቶ ያደረ ሰው ነው፣ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነበር፣ ከቤት ቤት፣ ከግቢ ግቢ። ትምህርት ሲዘጋ እኔንም ይዞኝ ይሄዳል። እሱ ከፊት እኔ ከኋላ፣ ባትሪውን የምይዝለት እኔ ነኝ፣ ቆጣሪው ጨለማ ጓዳ ውስጥ ሲሆን አበራለታለሁ፣ ጭራዬ ነበር የሚለኝ። በር ላይ ሲደርስ የውሻ መከላከያ በትሩን ቆርቆሮው ላይ ኳ ኳ ያደርግና «ቆጣሪ» ይላል። አወይ ያ ድምፅ። ውሻው ይነሳል፣ ሕፃኑ ይነሳል፣ ሰፈሩ በሙሉ ቆጣሪው መጣ ይላል፣ እኔ ጀርባው ላይ ተለጥፌ በሐፍረት እቀልጣለሁ፣ ምናለ ቀስ ብሎ ቢያንኳኳ። አንድ ቀን አንድ ትልቅ ግቢ በር ላይ በትሩን ሰጠኝና «እስቲ ዛሬ አንቺ በዪ» አለኝ። አንኳኳሁ፣ አፌን ከፈትኩ፣ ምንም የለም፣ ከፍቼው ቆምኩ። አየኝ። «ይሁን» አለ፣ «ጭራ አይጮኽም»፣ ራሱ ጮኸ።

አንድም ቀን ቀድሜው ሄጄ አላውቅም። እሱን ብቻ አይደለም። እኛ ቤት ትልቅ ሰው እየሄደ ከኋላው መጥቶ ጥሎት ማለፍ ነውር ነው፣ ግድ ከሆነ ጎንበስ ብሎ፣ ይለፉኝ ብሎ፣ እሺታውን አግኝቶ ነው፣ ካልሆነ ደግሞ ከኋላ ቀስ እያሉ መሸኘት። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፣ እግሬ ውስጥ ነው ያለው፣ እጄ እንዴት ማንኪያ እንደሚይዝ እንደማላስበው ሁሉ እሱንም አላስበውም።

ከዚያ አባዬ ወደቀ። ያን ሁሉ የሰው ግቢ፣ ያን ሁሉ ውሻ ተርፎ የራሱ ደጃፍ ላይ፣ በዝናብ የራሰች አንዲት ደረጃ ላይ። ዳሌው ተሰበረ፣ ተቀድዶ ብረት ገባለት፣ ቤት ተመለሰ፣ ተኛ፣ ከዚያ አልነሳም አለ። እህቴ ስትደውል ስልኩን ከጆሮዬ ትንሽ አርቄ ነው የምሰማት፣ የምትለውን ሳይሆን የምታለቅሰውን ለመቀነስ። እንዴት አደረ እትዬ? «እንዴት ያድራል፣ ግድግዳ ሲያይ።» ቆመ? «ቆመ ወይ ትላለች ደግሞ። ሐኪሙ ዛሬም ተቆጣ፣ የሚቆጣው እኔን ነው፣ እሱን አይቆጣም። አሁን ካልሄደ እግሩ ይደርቃል፣ ሳንባውም ይታመማል፣ ተኝቶ የቀረ ሰው ተኝቶ ነው የሚያልቀው አለኝ፣ እንዲህ ብሎ በቁሜ።» ታዲያ አንቺ ያዢዋ። «ልያዝህ ስለው ምን አለኝ መሰለሽ? እንደ በግ ከኋላዬ አትንጂኝ። ከኋላው እጄን ዘርግቼ ቢወድቅ ልቀልበው እንጂ ምን በደልኩ? ወንበር እኮ ይዤ ነው የምከተለው፣ ቢደክመው ቁጭ እንዲል። ጭራዬ ትምጣ፣ እሷ ስትመጣ እነሳለሁ ይላል። መቼ ነው የምትመጪው?» እረፍት ሲሆን እትዬ። «እረፍትሽ መቼ ነው?» ፈተና ስጨርስ። «የምን ፈተና?» ወሬ እቀይራለሁ። አባቷ መራመድ አቅቶት አልጋ ላይ የቀረ ሰው፣ የመራመድ ፈተና አለብኝ ብላ ለእህቷ በየትኛው አፏ ትናገራለች። ነገርኳት ግን፣ ሌላ ጊዜ። አልሳቀችም። «ይሁን፣ ብቻ እለፊ» አለችኝ።

ኮርሱ ለከተማው ነዋሪም ክፍት ነው። ሌሊቱን ስከተላቸው ያደርኩት ጡረተኛ የመጡት እንደዚያ ነው። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ነጭ ኮፍያ የማያወልቁ፣ ተማሪዎቹ አንቱ ሳይሉ በስማቸው ነው የሚጠሯቸው፣ እኔ በሆዴ እማማ ነው የምላቸው። መንገዱ ላይ ስንለቀቅ እንዴት እንደሚሆን አላውቅም፣ እኔ ሁልጊዜ ከእሳቸው ኋላ ነኝ። ሌሎቹ እየመጡ በግራ በኩል እያሉ ያልፋሉ፣ አንድ ረጅም ልጅ አለ፣ እንደ ዘፈን ነው የሚላት፣ እማማም ሳይዞሩ እጃቸውን ከፍ ያደርጉለታል፣ እኔንም እሳቸውንም ባንድ ጊዜ አልፎ ይሄዳል። እኔ ልለፍ ስል አፌ ውስጥ ቃሉ ይጠነክራል። በግራዎ በኩል። ዞር በሉልኝ ማለት አይደለም ወይ? እናቴ የምትሆን ሴት፣ በጠባብ መንገድ፣ ከኋላ መጥቼ፣ ጮኼ፣ ዞር በሉልኝ። ስለዚህ ትንሽ ራቅ ብዬ እሸኛቸዋለሁ። እጄ ላይ ያለው ሰዓት እየተንሸራሸርሽ ነው ይለኛል። አሰልጣኟ ፊሽካዋን አፏ ላይ አድርጋ ዓይኗን ታጠብብኛለች። እኔ እሸኛለሁ።

አንድ ቀን ከክፍል በኋላ ኳስና መረብ የሚከማችበት ክፍሏ አስጠራችኝ። ቅሬታ ቀርቦብሻል አለች። እኔ ላይ፣ በቤተ መጻሕፍት ወንበር ስስብ እንኳ እንዳይጮኽ አንስቼ የማስቀምጠው እኔ ላይ። «ከኋላዬ የምትተነፍስ ልጅ አለች ብለዋል። ምንድነው የምታደርጊያቸው?» ምንም አላደርጋቸውም። «ታዲያ ለምን አታልፊያቸውም? በግራ በኩል ባዶ ነው፣ እግርሽ ረጅም ነው።» ምን ልበላት፣ የት ልጀምርላት። አክብሬያቸው ነው አልኩ፣ ፊቴ እንደ እሳት እየነደደ። ጥቂት አሰበችበት፣ ክፉ ሴት አይደለችም። «እሺ» አለች፣ «ሌላ ቦታ አክብሪያቸው። እዚህ እለፊያቸው።»

አልጋዬ ጫፍ ላይ ሆኜ ጫማዬን ማሰር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፣ አንዱን አስሬ ሌላውን ይዤው ተቀምጫለሁ። አሁን ደግሞ አውቶቡሱ ውስጥ ነኝ። መስኮቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ግንባሬን አስደገፍኩት፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጠ ሰው ጉልበቱን ያሻል፣ ሰው ጉልበቱን ሲያሽ ባየሁ ቁጥር አባዬ ነው፣ አባዬ ማታ ማታ ሲገባ ጫማውን አውልቆ ጉልበቱን እያሸ «ዛሬ አገር አዳረስን» ይል ነበር፣ አዳረስን ነው የሚለው፣ እኔን ጨምሮ። ቦርሳዬን ጀርባዬ ላይ አንግቼ ወረድኩ። ሐይቁ ዝም ብሏል፣ በሽቦ አጥር ታጥሯል፣ መንገዱ ጠጠር ነው፣ ያለ ሰውም የሚሄድ ሰው ያለ ይመስላል፣ የራሴ እግር ድምፅ ከኋላዬ የመጣ እየመሰለኝ ሁለት ጊዜ ዞርኩ። ተማሪዎቹ እጃቸውን እያሹ ቆመዋል። አሰልጣኟ አንድ በአንድ፣ በመሀል ትንፋሽ እየሰጠች ትለቃለች። ረጅሙ ልጅ ሄደ። ነጭ ኮፍያው ሄደ። «ቀጥሎ አንቺ» አለችኝ፣ ሰዓቷን እያየች፣ ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየች።

እሄዳለሁ። ተረከዝ፣ ጣት። ዛሬ አልፋቸዋለሁ። ገና ናቸው፣ ሩቅ ናቸው፣ አሁን ከኮፍያቸው ሥር ያለው ነጭ ፀጉር ይታየኛል፣ አሁን የጃኬታቸው ስፌት። አፌን አዘጋጀሁ። በግራዎ፣ ብዬ በሆዴ ጀመርኩ፣ እግሬም ራሱን አቀዘቀዘ፣ እንደ በቅሎ፣ እኔ ሳላዘው። ኪሴ ውስጥ ስልኬ ተንቀጠቀጠ። ዛሬ ማለዳ የሚደውል ሰው የለም ከእህቴ በስተቀር፣ እዚያ አሁን ከሰዓት ነው፣ ሐኪሙ የሚመጣበት ሰዓት ነው፣ ምን ሆኖ ይሆን፣ ስልክ ከኪስ አይወጣም፣ ካወጣሁ ያበቃል፣ ተንቀጠቀጠ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ተወ። የተወበት ዝምታ ከመንቀጥቀጡ ባሰ። እማማ ክርናቸውን እየወዘወዙ ይሄዳሉ፣ ምን ያህል ጠንካራ ሴት ናቸው እላለሁ፣ እንዲህ ያለ ዕድሜ ላይ እንዲህ መፍጠን፣ አባዬ ከእሳቸው አይበልጥም፣ አባዬ በዚህ ሰዓት ግድግዳ ያያል። ከኋላዬ አንዲት ልጅ በግራ በኩል ብላ አለፈችኝ፣ ሌላ ሰው አለፈኝ፣ የማላልፈው እኔ ብቻ ነኝ። ሰዓቴ እየተንሸራሸርሽ ነው ይለኛል። እኔ እያለቀስኩ ነው፣ እያለቀሰች የምትንሸራሸር ሰው የት አለ።

ከሐይቁ ማዶ የውሃ መግፊያ ሞተር ያለበት ትንሽ ቤት አለ፣ መንገዱ እሱ ጋ ይታጠፋል። ስንት ጊዜ በአጠገቡ አልፌያለሁ፣ አሰልጣኟ ዓይን ወደ ፊት ስላለች ይሁን ዓይኔ ሁልጊዜ ጫማዬ ላይ ስለሆነ አይቼው አላውቅም፣ ግድግዳው ላይ ቆጣሪ አለ። መስታወት ያለው፣ ግራጫ፣ ውስጡ ያለችው ቀጭን ክብ ብረት ቀስ እያለች ትዞራለች። ቆጣሪ ነው። አባዬ ቢሆን ከሩቅ ያየው ነበር። ባትሪውን አብሪልኝ ይለኝ ነበር። ማነው ይህን የሚያነበው፣ ማን በር አንኳኩቶ ነው፣ እዚህ የሚያንኳኩት በር እንኳ የለም፣ እጄ ወደ ኪሴ ሄደ፣ ባትሪውን ሊያወጣ ነው የሄደው፣ ያን ጊዜ አፌ ተከፈተ። «ቆጣሪ» አልኩ። አልኩ አይባልም፣ ጮኽኩ፣ የሱ ድምፅ ነው የወጣው፣ ከደረት፣ ውሃው ላይ ሄዶ ተመለሰ። እማማ ዘለው ወደ አጥሩ ተጠጉ፣ ሽቦውን ያዙ። በግራ በኩል ባዶ ነበር፣ እንዳለችው። አለፍኩ።

ከዚያ በኋላ ከፊቴ የሚታይ ማንም አልነበረም። ጠጠርና አጥር ብቻ። ለካ የማየው ጀርባ ከሌለ እግሬ እንዲህ ይሄዳል፣ ልቤ እንዲህ ይመታል፣ ሰዓቴ ዝም አለ፣ አልወቀሰኝም፣ ጉሮሮዬ እየቆሰለ ሄድኩ፣ ማውራት ብቻ የምችልበት፣ መዝፈን የማልችልበት ቦታ ደረስኩ፣ ደስ ሊለኝም ነበር። አሰልጣኟ ሰዓቷን ይዛ መጨረሻው ላይ ቆማለች። ስደርስ ከንፈሯን ነከስ አደረገች፣ ያን ጊዜ አወቅኩ። «የኋለኛውን ግማሽ የሄድሽው ሌላ ሰው ነው» አለችኝ። «የፊተኛውንም እንደዚያ ብትሄጂ ኖሮ።» ትንሽ ነው የቀረሽ አለች። ትንሽ ብትሆንም ያው ናት፣ ለአንቺ ብቻ ሰዓቱን ላራዝመው አልችልም። «በእረፍቱ እደግመዋለሁ፣ ትመጫለሽ፣ ያን ያህል ፊትሽን አታጨልሚ። መሄድ ብቻ ነው እኮ።» እሺ አልኳት። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ የማውቀው መልስ እሱ ነው።

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስልኬን ይዤ ሳላየው ቆየሁ። ጠጠሩ ተንኮሻኮሸና እማማ መጡ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ከጎኔ ተቀመጡ። ልነሳላቸው ስል በእጃቸው ተቀመጪ አሉኝ። «ምን ነበር ያልሽኝ?» አሉ። የአባቴ ሥራ ነው፣ መብራት ቆጣሪ ያነብ ነበር፣ በር ላይ እንደዚያ ነው የሚለው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አስደነገጥኩዎ። «አዎ፣ አስደነገጥሽኝ» አሉ። «ሴሚስተሩን ሙሉ ምን ስታደርጊኝ እንደነበር ግን ታውቂያለሽ? የእግርሽን ድምፅ ከኋላዬ እሰማለሁ። ልጅቷን አዘገየኋት እልና እፈጥናለሁ፣ ትፈጥኛለሽ። ቀስ እላለሁ፣ ቀስ ትያለሽ። የምወድቅበትን ጊዜ የምትጠብቂ ነበር የሚመስለኝ። አንድ ቀን ልቤ አልረጋ ብሎኝ ቤቴ ገብቼ ዋልኩ።» እኔ፣ አልኩ፣ እኔ እኮ ብዬ ተውኩት። «ዛሬ ካለፍሽኝ በኋላ ቀለለኝ። ያቺን ቦርሳሽን እያየሁ መጣሁ። ከፊት ሰው ሲኖር መንገዱ መንገድ ይሆናል።» የውሃ ኮዳቸውን ከፍተው መጀመሪያ ለእኔ ሰጡኝ። «ፈተናውን አለፍሽ?» አላለፍኩም። ሌላ አልጠየቁኝም፣ ጠጪ ብቻ አሉኝ።

ለእህቴ ደወልኩ። ገና ሄሎ ሳልል «የት ነበርሽ?» አለች፣ «ሊያናግርሽ ብሎ ነው የደወልነው፣ ፈተናዋ ዛሬ አይደል ወይ ሲል ነው የዋለው፣ ሐኪሙ ላይ ፊቱን አዙሮ። አለፍሽ አይደል?» እትዬ አልኩ። እትዬ ያልኩበት ድምፅ በቃት። ትንፋሿን ሰማሁ፣ ከዚያ ስልኩ ብርድ ልብስ ላይ ሲንኮሻኮሽ፣ ከዚያ እሱን። «ጭራዬ።» አቤት አባዬ። «እንዴት ሆነ ትምህርቱ?» ወደቅኩ አባዬ። በዚህ እረፍት አልመጣም። ስልኩ ውስጥ የግድግዳ ሰዓታችን ሲቆጥር ይሰማኛል፣ አልጋው አጠገብ ያለው፣ የማውቀው ሰዓት። ስትመጣ እነሳለሁ ያለ ሰው ነው፣ አልመጣም አልኩት፣ አሁን ምን ቀረኝ። «መሄድ አቅቷት ወደቀች ትያለሽ?» አለ በመጨረሻ፣ ሳይስቅ። መሄድ አላቃተኝም፣ አንዲት ትልቅ ሴት ከፊቴ ነበሩ፣ ማለፍ አፍሬ ነው። «አላለፍሻቸውም?» መጨረሻ ላይ አለፍኳቸው። «ምን ብለሽ?» እማማን አየኋቸው፣ ቋንቋዬን ስለማያውቁ ሐይቁን ያያሉ። ቆጣሪ ብዬ አልኩ። «ምን?» ቆጣሪ ብዬ ጮኼ አባዬ። መጀመሪያ ሳል መሰለኝ። ከዚያ ሳቅ ሆነ፣ ከዚያ መልሶ ሳል፣ እህቴ ምንድነው ምንድነው ትላለች ከጀርባ። «ጭራ ጮኸች» አላት።

አባዬ፣ አልኩት፣ እትዬን ላናግራት። ድምፁን ክፈቺውና አልጋው ላይ አስቀምጪው አልኳት። ወንበሩን አስቀምጪ። ከኋላው አትሁኚ። በሩ ጋ ሂጂና ቁሚ፣ እዚያው ከፊቱ። «ቢወድቅስ?» አንቺ ብቻ ቁሚ። «እዚያ ሆነሽ ማዘዝ ቀላል ነው፣ ቢወድቅ የምታነሺው አንቺ አይደለሽ» አለች፣ እውነቷን ነው፣ ቃሉ ደረቴ ገብቶ ቆመ፣ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቆያል። ቢሆንም እትዬ አልኩ፣ እባክሽ። ወንበር ሲቀመጥ ተሰማኝ። «ምን ልትሠሩ ነው?» አለ አባዬ። ልሄድ ነው አልኩት። እኔ ከፊት እሄዳለሁ፣ አንተ ከኋላ ና። «ከፊቴ ነሽ?» አለ ቀስ ብሎ። አዎ ከፊትህ ነኝ። «መንገዱ ጠጠር ነው ያልሽኝ፣ እስቲ ልስማሽ።»

ስልኩን ወደ ታች ይዤው ተነሳሁ፣ ጠጠሩ እንዲሰማው። ተረከዝ፣ ጣት። ቀስ ብዬ፣ ግን ሳልቆም። አልጋው ሲጮኽ ሰማሁ፣ ያ አልጋ ሁልጊዜ ይጮኻል፣ ከዚያ የመደገፊያው ብረት ወለሉን ሲነካ፣ ከዚያ ምንም፣ ከዚያ አንድ ማቃሰት፣ እህቴ አባዬ ልትል ጀምራ ዋጠችው። መዞር ፈለግኩ፣ ከኋላዬ ያለ ይመስል፣ ወድቆ እንደሆነ ለማየት። አልዞርኩም። ብረቱ ወለሉን ነካ። እንደገና ነካ። «ጭራዬ፣ አለሽ?» አለሁ። «አትፍጠኚ።» ድምፁ ቅድም ጆሮዬ ሥር ነበር፣ አሁን ራቅ ብሏል። በእነዚህ ሳምንታት ድምፁ በራቀ ቁጥር ምን እንደማስብ እኔ ነኝ የማውቀው። «ቀጥይ» አለ፣ ከቅድሙ ርቆ፣ ከክፍሉ መሀል። ስልኩ እዚያው አልጋው ላይ ነው። እሄዳለሁ፣ አጥሩ በቀኜ፣ ውሃው ከአጥሩ ወዲያ፣ ፊቴ ላይ ንፋስ፣ ከፊቴ ማንም የለም። ከሩቅ፣ ከሌላው የክፍሉ ጫፍ፣ እንጨት ላይ አቅም የሌለው ኳ ኳ መጣ። በሩ ነው፣ እህቴ የቆመችበት።

«ቆጣሪ» አለ።

እህቴ ከፈተችለት መሰለኝ። አቁሚ አላለኝም፣ እኔም አልቆምኩም።